ጭሱን ያያችሁ አቧራውንም እዩ

ኅዳር 12 አለፈ። ዘንድሮም እንደ ወትሮው በየደጃፉ ቆሻሻ ተከምሮ ተለኮሰ፤ ከተማው ታጠነ። ወቀሳውም እንደ ወትሮው በማግስቱ ወረደ። የዚህ ዓምድ ደንበኞች አቋሜን ያውቁታል። ፕላስቲክና ጎማ ማቃጠል ይቅር እያልኩ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም እላለሁ። ልማዱ የሚያስታውሰው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ነው። ያኔ ፌስታል አልነበረም።

ዘንድሮ ያበሳጨኝ ግን ጭሱ አይደለም። አንድ የሬዲዮ እንግዳ የከተማችንን አየር የሚያበላሹት «ኋላ ቀር ልማድና አሮጌ መኪና» ናቸው ሲል የሰማሁት አስኮ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከፊታችን ጠጠር የጫነ ገልባጭ ይሄዳል። ሸራ አልለበሰም። ተሳፋሪው መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ፣ ረዳቱ አፍና አፍንጫውን በሹራቡ እጅጌ ሸፍኖ ነበር። አዘጋጁ ስለ አቧራስ ምን ትላለህ ሲለው እንግዳው «እሱማ የበጋ ነገር ነው፤ ተፈጥሮ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

ተፈጥሮ አይደለም! የአስኮን አቧራ ሰው ነው የሚሠራው። አሠራሩንም በዓይናችን እናየዋለን። ክረምት ላይ ጎርፉ ካልተነጠፉት ቅያሶች ጭቃውን ጠርጎ ያወርዳል። ቦዩ ተደፍኗልና ጭቃው አስፋልቱ ዳር ይተኛል። መስከረም ላይ ይደርቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጎማ እየተመላለሰበት ይፈጨዋል። ለቧንቧ ወይም ለኬብል ተቆፍሮ በወጉ ያልተደፈነው ጉድጓድ ደግሞ የራሱን አፈር ይጨምርበታል። የአስኮ መንገድ የአምቦ መንገድ ነው። ከሙገር ሲሚንቶ፣ ከቡራዩ በኩል ድንጋይና ጠጠር የጫነ ሁሉ ሳንሱሲን አልፎ በአስኮ በኩል ወደ ዊንጌት ይወርዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የአስፋልት አቧራን የሚያሰላበት ቀመር አለው። በቀመሩ ውስጥ ዋናዎቹ ነገሮች ሁለት ናቸው፦ አስፋልቱ ላይ ያረፈው ከ75 ማይክሮን ያነሰ ደቃቅ አፈር መጠንና የተሽከርካሪዎቹ አማካይ ክብደት። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የሚነሣው አቧራም እጥፍ ገደማ ይሆናል። አስኮ ሁለቱንም አሟልታ ይዛለች።

ለሬዲዮው እንግዳ አንድ ጥናት ላስታውሰው። በ1996 ዓ.ም. ጥርና የካቲት፣ በደረቁ ወቅት ማለት ነው፣ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በ12 ቦታዎች የአየር ናሙና ሰብስበው ነበር። የለኩት ከ10 ማይክሮን ያነሰውን፣ ከጉሮሮ አልፎ ወደ ሳንባ የሚወርደውን ብናኝ ነው። ከዚያ ብናኝ ውስጥ ከ34 እስከ 66 በመቶው አፈር ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱንም ሲገምቱ ያልተነጠፉ መንገዶችንና ያልተነጠፉ የመንገድ ዳሮችን ጠቀሱ። የቀረው በአብዛኛው ከሚቃጠል ነገር የመጣ ካርቦን ነው፤ ጭሱ ንጹሕ ነው ያለ የለም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል፤ አስኮ ላይ ያለው የመንገድ ዳር ግን ዛሬም አፈር ነው።

በዚያው ጥናት ልቤን የነካው ሌላ ነገር ነው። ናሙናው የተሰበሰበው ኢትዮጵያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ማከፋፈል ካቆመች ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። በአየሩ ውስጥ የተገኘው እርሳስም አነስተኛ ሆነ። ስለዚህ «በእኛ አገር ምንም አይለወጥም» የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

አቧራው የተረሳበት አንዱ ምክንያት የሚቆጥረው ስለሌለ ይመስለኛል። ስለ አዲስ አበባ አየር ስንከራከር ለዓመታት የምንጠቅሰው ቁጥር ከአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ የሚመጣው ነበር። ያ መለኪያ የሚቆጥረው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰውን እጅግ ደቃቁን ብናኝ ነው፤ ይህም በአብዛኛው የጭስ ልጅ ነው። ሻካራው የመንገድ አቧራ በአመዛኙ ከቁጥሩ ውጭ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኤምባሲዎቿ በመላው ዓለም መረጃውን ማሰራጨት እንዲያቆሙ አደረገች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው መመሪያ ከ10 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ45 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። አስኮ ላይ አንድ መለኪያ ይተከልና እንየው።

ውሃ ይረጭ የሚሉ አሉ። ይረጭ፤ የሚቆፍረው ተቋራጭ በራሱ ወጪ በቦቴ ይርጭ። ግን በበጋ ፀሐይ የተረጨ ውሃ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይቆይም። ቧንቧችን በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውሃን ዋና መፍትሔ ማድረግ ደግሞ አይዋጥልኝም። መፍትሔው ዳሩን እስከ አጥሩ ድረስ ማንጠፍ ነው፤ በአስፋልት ባይቻል በኮብልስቶን። ቦዩን ከክረምት በፊት መጥረግና የወጣውን ደለል እዚያው ቦዩ አፍ ላይ ሳይተዉ መጫን ነው። ገልባጩን ሸራ ማልበስ ነው። ሸራ ማልበስ ጊዜ ይፈጃል ላለኝ ሾፌር የምሰጠው ጊዜ የለኝም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሕግ የለንም የሚባልበት ዘመን አልፏል።

አሁን የምለውን ልጽፍ አልተነሣሁም ነበር፤ ግን ሳልለው ማለፍ አልቻልኩም። አስኮ፣ ብርጭቆ ፋብሪካው አካባቢ ጎመንና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ጉልት አሉ። «ልጄ፣ ሳራግፍ ነው የምውለው» አሉኝ። የሚያራግፉት በኩታቸው ጫፍ ነው። ከእሳቸው ቀድመው፣ ገና ሳይነጋ፣ መንገድ የሚጠርጉት ሴቶች አሉ። በደረቁ ነው የሚጠርጉት። መጥረጊያው ሻካራውን አሸዋ ይሰበስባል፤ ደቃቁ ፊታቸው ላይ ይነሣል፤ እነሱ አልፈው ሲሄዱ ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ያርፋል። ከመካከላቸው አንዷን ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ አገኘኋት። ከጥቅምት ጀምሮ ያስላታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ከአቧራ ራቂ» ተብላለች። በማግስቱ ሌሊት መጥረጊያዋን ይዛ ወጥታለች፤ ደመወዟ ያ ነውና።

ከተማው በጽዳቱ ሲመሰገን የሚመሰገነው በእነዚህ ሴቶች ጉልበት ነው። ሥራቸውን አንድ ሸራ ያልለበሰ ገልባጭ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አልፎ ያፈርሰዋል። የክፍለ ከተማው ሹማምንት ዳሩን እስኪያነጥፉት ድረስ ሦስት ነገር እንዲያደርጉላቸው እጠይቃለሁ። ከመጥረጋቸው በፊት መንገዱ ውሃ ርከፍከፍ ይበልበት፤ ለዚህ ውሃው አይበዛም። ብናኝ የሚያግድ ማስክ በየጊዜው ይታደላቸው፤ ጨርቅ ማስክ ደቃቁን በወጉ አያግድም። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሳንባቸው ይመርመር፤ ክፍያውን ቀጣሪው ይቻል፣ የምርመራው ቀንም ከደመወዛቸው አይቆረጥ።