የተከታይ አደራ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችንን እማማን ልጠይቃቸው ብገባ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው የስኳር ኪኒን ሁለት ሳምንት ሳይነካ በመስኮቱ ደፍ ላይ አቧራ ለብሶ፣ ከአጠገቡም ምን ከምን እንደ ተቀመመ ያልተጻፈበት ቡናማ ዱቄት የሞላ የፕላስቲክ ብልቃጥ ቆሞ አየሁ። መድኃኒቱን ስለ ምን እንደ ተዉት ብጠይቃቸው፣ ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው፣ በቲክቶክ ዱቄቱን የሚያወድስ አንድ መልከ መልካም ወጣት አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ ማታ ማታ ‹እናቶቼ እንዴት አመሻችሁ› እያለ የሚያጫውተኝ ነው፤ ክፉ አይመክረኝም» አሉኝ።

ስለ አደራ በዚህ ዓምድ ደጋግሜ መጻፌን አንባቢ ያውቃል፤ የዛሬውም ነገሬ ከዚያው አይወጣም። የመርካቶ ደላላ ሻጭና ገዢን ሲያገናኝ ደላላነቱን አይሰውርም፤ ገዢውም ኮሚሽን እንዳለበት ዐውቆ ሙገሳውን በዚያው ልክ ቀንሶ ይሰማዋል። ወጣቱ ግን፣ ከቪዲዮው ግርጌ የማዘዣ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ሳለ፣ ከሽያጩ የሚደርሰው ይኑር አይኑር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ የእናትና የልጅን ፍቅር የንዋይ መሸጋገሪያ አደረገው።

ያልያዛትን የአንጎል ካንሰር በምግብ እንዳሸነፈች ለተከታዮቿ ስትሰብክ የኖረችውን ቤል ጊብሰንን፣ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. 410,000 የአገሩን ዶላር ቀጥቷታል፤ ቅጣቱ የተቆረጠባት ግን ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ ብላ ስላስቀረችው ገንዘብ ነበር። ገንዘቡን ሕግ ቈጠረው፤ እርሷን አምኖ ከሐኪሙ የራቀ በሽተኛ ቢኖር፣ የባከነበትን ቀን ማን ይቈጥርለታል? ስለዚህ ነው ሕግ ከመድረሱ በፊት ሕሊና ይቅደም የምለው፦ ተከፍሎህ እንደ ሆነ ተናገር፤ የማታውቀውን መድኃኒት አታዝዝ፤ ስትሳሳትም ባወደስህበት አንደበት ተመልሰህ አርም።

«ተመልካቹ ራሱ መርምሮ ይለይ» ለሚሉኝ፣ እማማ በምን መሣሪያ ይመርምሩ ከማለት በቀር መልስ የለኝም። በተከታዮቹ ብዛት የሚመካ ሰው የኖላዊን ክብር ወድዶ የኖላዊን ድካም ሊጠላ አይገባውም።

ሰኞ ማለዳ እማማን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ ስኳራቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ተራ ስንጠብቅ ያን ወጣት በልቤ ስወቅስ ቈይቼ፣ ድንገት ነገሩ ወደ ራሴ ዞረ። እማማ ልጁን ያመኑት በየማታው ስለ መጣላቸው ነው። ከእኔ ደጃፍ እስከ እርሳቸው ደጃፍ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ «እማማ፣ እንዴት አመሹ» ብዬ የገባሁበትን የመጨረሻ ማታ ግን ላስታውሰው አልቻልሁም።