መድኃኒቱ በሽታውን ያበዛልን?

ለኮምፒዩተሩ መጠበቂያ ገንዘብ ከፍሎ ፀረ ቫይረስ የሚባለውን ፕሮግራም የሚገዛ ሰው፣ ሻጮቹ የሚጠቀሙት በሽታው እስካለ ድረስ ነውና በሽታውንስ የሚያበዙት ራሳቸው አይሆኑምን ብሎ መጠርጠሩ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ይህን ጥርጣሬ ከንቱ ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያስበውን ሳይመረምሩ መናቅ የጥርጣሬውን ሥር ያጠነክረዋል እንጂ አይነቅለውም። ይልቁንም ከዚሁ ጥርጣሬ የተነሣ ኮምፒዩተሩን ያለ ጥበቃ የሚተው ሰው ስላለ፣ ጉዳቱም በእርሱ ብቻ ሳይቀር ወደ ጎረቤቱ የሚሻገር ስለ ሆነ፣ ነገሩ በማስረጃ ሊታይ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጅ ከተነሣበት ስፍራ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ከሁለቱ የቀደመው ማን ነው የሚለው ነው። በ1971 ዓ.ም. ቦብ ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በራሱ የሚሻገር «ክሪፐር» የሚባል ፕሮግራም ለሙከራ ሠራ፤ እርሱን እያሳደደ የሚያጠፋው «ሪፐር» የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በ1982 ዓ.ም. ሪች ስክሬንታ የሚባል የ15 ዓመት ተማሪ በባልንጀሮቹ ለመቀለድ ብሎ፣ በዲስክ ላይ እየተቀዳ የሚዛመት ቫይረስ ለአፕል ኮምፒዩተር ሲጽፍ፣ ፀረ ቫይረስ የሚሸጥበት ገበያ ገና አልተከፈተም ነበር። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በፓኪስታን በላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች «ብሬይን» የሚባለውን ቫይረስ ያወጡት፣ የደከሙበትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ የሚገለብጠውን ሰው ለመያዝ ነው ብለዋል፤ ስማቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር በውስጡ ጽፈውበታል። አድራሻውን ትቶ የሚሄድ ሌባ እንደሌለ የታወቀ ነው። በፀረ ቫይረስ የሚነግዱ ኩባንያዎች መታየት የጀመሩት ከዚህ በኋላ በ1987 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ፣ በሽታው ከሐኪሙ በፊት መወለዱ ግልጥ ነው።

ይሁን እንጂ የመወለድ ጥያቄ አንድ ነገር ነው፤ የመብዛት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የቀድሞው ፀረ ቫይረስ ይሠራ የነበረው የታወቀውን ቫይረስ ምልክት ይዞ በየፋይሉ ውስጥ በመፈለግ ነበር፤ ይኸውም የሚፈለገውን ሰው ፎቶግራፍ ይዞ በኬላ ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ማለት ነው። ዘበኛው ፎቶግራፍ እንደ ያዘ ያወቀ ሰው መልኩን መለወጥ ይማራል። በቡልጋሪያ አገር «ዳርክ አቬንጀር» በሚባል ስም የተሸሸገ አንድ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚያው አገር ቬሰሊን ቦንቼቭ የሚባል ተመራማሪ ቫይረሶችን እየመረመረ ያጋልጥ ስለ ነበር፣ ስሙን የሸሸገው ሰው በአንዱ ቫይረሱ ውስጥ የቦንቼቭን ስም የባለቤት ስም አስመስሎ ጻፈበት። ቆየት ብሎም ቫይረስ በተገለበጠ ቁጥር መልኩ የሚለዋወጥበትን መሣሪያ ሠርቶ ለሌሎች ጸሐፊዎች አደለ። በዚህ ስፍራ ጠባቂው መኖሩ አጥቂውን ብልኃተኛ እንዳደረገው አይካድም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የታይዋኑ ተማሪ ነገር ነው። ቼን ኢንግ ሃው የሚባለው ይህ ወጣት በ1998 ዓ.ም. «ሲ አይ ኤች» የተባለውን ቫይረስ የጻፈው፣ የፀረ ቫይረስ ሻጮች ስለ ዕቃቸው የሚናገሩትን ትምክህት ለማፍረስ እንደ ሆነ ተናግሯል። በ1999 ዓ.ም. አፕሪል 26 ቀን ቫይረሱ ተነሥቶ በብዙ አገር የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ሃርድ ዲስክ ደመሰሰ፤ አንዳንዶቹንም የመነሻ ፕሮግራማቸውን አጥፍቶ ጨርሶ እንዳይነሡ አደረጋቸው። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ መምህሩን እረታለሁ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር ቢያድር የሚጎዳ የለም፤ የዚህ ተማሪ እልህ ግን ስሙን እንኳ የማያውቁትን ሰዎች የዓመታት ሥራ አሳጣ። ጥፋቱ የእርሱ ነው። ሆኖም ማንም አያልፈኝም ብሎ በአደባባይ የሚፎክር ሰው ተጋጣሚን እንደሚጠራ ሻጮቹ ማወቅ ነበረባቸው።

በ1902 ዓ.ም. በሃኖይ ከተማ የሆነው ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች አይጥን ለማጥፋት ብለው፣ ገድሎ ጭራዋን ለሚያመጣ ሰው ሁሉ ገንዘብ እንዲከፈለው አዘዙ። ጥቂት እንደ ቆየ ጭራ የሌላቸው አይጦች በከተማው ውስጥ ሲሮጡ ታዩ፤ ሰዎቹ ጭራውን ቆርጠው አይጧን እንድትዋለድ ይለቋት ኖሯል። ከከተማው ዳርም አይጥ የሚያረቡ ተገኙ። በቫይረስ ነገርም እንዲህ ያለ ጭራ ነበረ፤ እርሱም ቁጥር ነው። ሻጮቹ የእኔ ፕሮግራም ይህን ያህል መቶ ቫይረስ ያውቃል፣ የእኔ ከዚያ ይበልጣል እያሉ በቁጥር ይወዳደሩ ነበር። በ1990 ዓ.ም. በሶፊያ በስልክ መስመር የሚሠራ የቫይረስ መለዋወጫ ጣቢያ ሲከፈት፣ ከተከማቸው ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው በጣቢያው የሌለ አዲስ ቫይረስ ይዞ መቅረብ ነበረበት። አዲስ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አያስቸግርም።

ፍርሃትም ይሸጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ማርች 6 ቀን «ማይክል አንጀሎ» የሚባል ቫይረስ ይነሣል በተባለ ጊዜ፣ ከነጋዴዎቹ ስመ ጥር የነበረው ጆን ማካፊ እስከ 5 ሚሊዮን የሚደርሱ ኮምፒዩተሮች ሊጎዱ ይችላሉ ማለቱ በየጋዜጣው ወጣ። ቀኑ ሲደርስ የተጎዱት በሺህ የሚቆጠሩ ብቻ ሆነው ተገኙ። ጉዳቱ ያነሰው ሰው አስቀድሞ ስለ ተጠነቀቀ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ይህም በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ዕቃው ግን በእነዚያ ሳምንታት በብዛት ተሸጠ፤ የሕዝቡም ጥርጣሬ ከእንዲህ ያለው ጊዜ ጀምሮ እያደገ ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም።

ስለ ኩባንያዎቹ እውነት ለመናገር፣ ከእነርሱ መካከል ቫይረስ የጻፈን ሰው አንቀጥርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. «ሳሰር» እና «ኔትስካይ» የተባሉትን የጻፈው ጀርመናዊ ወጣት በተያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ የጥበቃ ኩባንያ ሥራ ሲሰጠው፣ ሌላው ኩባንያ ከዚያ ቀጣሪ ጋር የነበረውን የሥራ ግንኙነት አቋረጠ። ይህ ወጣት «ኔትስካይ»ን የጀመረው ሌሎች ቫይረሶችን የሚያጠፋልኝ ይሆናል በሚል አሳብ እንደ ነበረ ተነግሯል። ከአንድ ዓመት በፊትም «ዌልቺያ» የሚባለው ወደ ሰው ኮምፒዩተር ያለ ፈቃድ እየገባ «ብላስተር» የተባለውን ቫይረስ ሲያጠፋ፣ መስመሩን በማጨናነቅ ራሱ ጉዳት አድርሷል። በጎ አሳብ አለኝ ብሎ የሰው አጥር መዝለል እንዲህ ነው።

የዛሬው ሁኔታ ከዚህ ሁሉ ተለውጧል። አሁን ቫይረስ የሚጽፈው በአብዛኛው ዝና የሚፈልግ ተማሪ ሳይሆን ገንዘብ የሚፈልግ ወንጀለኛ ነው፤ የሰውን መዝገብ ቆልፎ ማስከፈቻ ይጠይቃል። ፀረ ቫይረስንም እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን እንደ መሞረጃ ይቆጥረዋል። ቫይረሱን ከመልቀቁ በፊት በብዙ ፀረ ቫይረሶች ላይ የሚፈትንበት አገልግሎት እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ለዓመታት በገንዘብ ሲሸጥለት ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ በላትቪያ ይኖር የነበረ ሰው፣ በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት 14 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እንግዲህ ፀረ ቫይረስ ባይኖር ይህ ወንጀለኛ ሥራውን ይተዋልን? አይተውም፤ የመፈተኛ ወጪው ይቀርለታል እንጂ።

ያልተጠበቀ ኮምፒዩተር ምን እንደሚያመጣ በ2017 ዓ.ም. ሜይ 12 ቀን ታይቷል። «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የተሰረዘው የሕመምተኞች ቀጠሮ ከ19,000 እንደሚበልጥ የመንግሥቱ ሒሳብ መርማሪዎች ገምተዋል። ቫይረሱ የገባበት ቀዳዳ መድፈኛ ግን ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ በማርች ወር ወጥቶ ነበር። ቀዳዳውን አስቀድሞ አውቆ ለስለላ ሥራው በምስጢር ይዞት የነበረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ቫይረስን ያበዛ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነጋዴውን ብቻ ከስሶ እንዲህ ያለውን ማለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

በኢትዮጵያም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፣ ቫይረስ ለቆ የሚጎዳውን ብቻ ሳይሆን፣ ለወንጀል እንደሚውል እያወቀ ፕሮግራሙን የሚሠራውን፣ የሚያስገባውንና የሚያከፋፍለውንም ይቀጣል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን በየፎቶ ኮፒ ቤቱ አንዱ ፍላሽ በአሥር ኮምፒዩተር ላይ እየተሰካ፣ ፀረ ቫይረሱም መቆለፊያው ተሰብሮ ከማይታወቅ ስፍራ የተቀዳ ሲሆን፣ ሕግ ብቻውን የሚያደርገው ጥቂት ነው። እንዲህ የተቀዳው ፀረ ቫይረስ ራሱ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

የኮምፒዩተርን ቫይረስ በሳይንስ መንገድ የመረመረው ፍሬድ ኮኸን፣ ሁሉንም ቫይረስ ያለ ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊሠራ እንደማይቻል በ1980ዎቹ ዓመታት በሒሳብ አስረድቷል። እንዲህ ከሆነ ፍጹም ነኝ የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ሐሰት ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ፀረ ቫይረስ ሲገዙ፣ ሻጩ ዕቃው የሚያደርገውን ብቻ ሳይሆን የማያደርገውንም በውሉ ላይ እንዲጽፍ፣ አዲስ መድፈኛ በወጣ ጊዜም በስንት ቀን ውስጥ በየኮምፒዩተሩ እንደሚገባና ለዚህ ኃላፊው ማን እንደ ሆነ አብሮ እንዲወሰን ቢያደርጉ፣ ከሻጩ ጋር የሚነጋገሩት በፉከራ ሳይሆን በተጻፈ ቃል ይሆናል።