ጉዞው በታናሹ ልጅ ልክ ይታቀድ

አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ታላቅ የመዝናኛ መናፈሻ ለመሄድ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ገንዘቡና ስለ ቀኑ ነው። ሁለቱም ሊታሰብባቸው እንደሚገባ አልክድም። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ በፊት መለካት ያለበት የታናሹ ልጅ ጉልበት፣ ቁመትና ፍርሃት ነው። ዕቅዱ በዚህ ልክ ካልተቆረጠ ገንዘቡም ቀኑም በከንቱ ይባክናል። እናንተም ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት እንደ መሆናችሁ ነገሩ ይመለከታችኋልና አሳቤን እስከ መጨረሻው ተከታተሉት።

ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ፣ በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን ዋልት ዲዝኒ ወርልድን እንውሰድ። ይህ ስፍራ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ዛሬ በውስጡ አራት ታላላቅ መናፈሻዎች አሉት። በዚያ አገር ከሚኖሩ ዘመዶቻችን መካከል ልጆቻቸው «ውሰዱን» እያሉ የሚወተውቷቸው አሉ። አባትና እናት በስንት ልመና ከሥራ ፈቃድ ያገኛሉ፤ ዓመት ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀሙትንም ገንዘብ ይቆጥራሉ። የመግቢያው ዋጋ እንደየቀኑ ይለያያል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነፃ ሲገባ፣ ዐሥር ዓመት የሞላው ግን የዐዋቂ ዋጋ ይከፈልለታል፤ በትኬት ሻጩ ዓይን የዐሥር ዓመት ልጅ ሙሉ ሰው ነው ማለት ነው! ወላጆች ይህን ሁሉ ካሰሉ በኋላ «ሁሉንም ካላየን ከሰርን» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ሆኖም ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ስሌት ነው። ቤተሰቡ በሩ ሳይከፈት ይደርሳል፤ ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው ሰልፍ ይሮጣል፤ ምሽት ላይ የሚተኮሰውንም ርችት ሳያይ ላለመሄድ ይምላል። የአራት ዓመቱ ልጅ ግን ከቀትር በኋላ እግሩ ዝሏል፤ ያለቅሳል፤ ይቆጡታል። ርችቱ ሰማዩን ሲያደምቀው እርሱ በአባቱ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ለማን ነበር? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያሳፍራል።

የቁመትም ነገር አለ። ፈጣኖቹ መጫወቻዎች ለደኅንነት ሲባል የቁመት ወሰን ተደርጎላቸዋል፤ «ስፔስ ማውንቴን» በተባለው፣ በጨለማ ውስጥ በሚከንፈው ባቡር ላይ ለመሳፈር 112 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያስፈልጋል። ይህን ከቤት ሳይለኩ ሄዶ ልጁን በመግቢያው ላይ ከመለኪያው አጠገብ አቁሞ ማስለቀስ የወላጆች ጥፋት እንጂ የዘበኛው አይደለም። ደግሞም መላ አለው፤ አንደኛው ወላጅ ከታላቁ ልጅ ጋር ሲሳፈር ሌላው ከታናሹ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ ሁለተኛው ወላጅ ሰልፉን እንደገና ሳይጠብቅ ተራውን ይወስዳል። መናፈሻው ራሱ የፈቀደው ሥርዓት ነው።

ስለ ሰልፍ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነፃ ይሰጥ የነበረው የአጭር ሰልፍ ወረቀት ከ2021 ወዲህ በገንዘብ የሚገኝ ሆኗል። ብዙ የከፈለ ይቀድማል። እኔ ይህን አልወደውም፤ ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብም አስፈላጊነቱ አይታየኝም። በማለዳ ገብቶ በቀትር ወደ ማረፊያ መመለስ ከዚያ ይሻላል። በበጋቸው ወራት ፍሎሪዳ ከቀትር በኋላ በነጐድጓድና በመብረቅ የምትናወጥ በመሆኗ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ብዙ ጊዜ ይቆማሉ፤ ልጁ በተኛበት ሰዓት ዝናቡም ያልፋል።

«ታዲያ እኛ ታላላቆቹ ምን በወጣን እንጎዳለን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእናንተም ድርሻ ሊቀመጥላችሁ ይገባል፤ ነገር ግን የእናንተ ጉልበት የታናሹ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ዋልት ዲዝኒ ራሱ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ ሁለት ሴቶች ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይመለከታቸው እንደ ነበርና፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ስፍራ የመሥራት አሳብ ያደረበት በዚያ እንደ ሆነ ተናግሯል። ከዚያ አሳብ የተወለደው ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 በካሊፎርኒያ ተከፈተ። ዛሬ ዓይኑን ከሰዓቱና ከስልኩ ሳያነሣ ቤተሰቡን የሚያጣድፍ አባት ግን ከዚያ ወንበር ገና አልተነሣም።

እንግዲህ ነገ እናንተም ከቤተሰባችሁ ጋር ለጉዞ፣ ሩቅም ይሁን ቅርብ፣ ስትመክሩ እያንዳንዱ ልጅ አብልጦ የሚፈልገውን አንድ ነገር ብቻ ይናገር። መጀመሪያ የሚጠየቀው ታናሹ ይሁን፤ ታላቁን ከሰማ በኋላ ቢጠየቅ ያንኑ ይደግማልና። እነዚህ የተመረጡት አይሰረዙም፤ የቀረው ሁሉ ቢደርስም ባይደርስም ግድ የለም። አንድ ሙሉ ቀትርም ያለ ሥራ ይተው። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ስፍራ ገና በር ላይ ሳላችሁ ለታናሹ በጣት አሳዩት፤ የወላጆቻችሁንም ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱለት።