ከሩቅ የሚከፈት በር፣ ቁልፉ በማን እጅ?

ለዶክትሬት ትምህርት በባሕር ማዶ በነበርንባቸው ዓመታት ስሌቶቻችንን ይሠራልን የነበረውን ኮምፒውተር በዓይናችን አይተነው አናውቅም። እርሱ በምድር ቤት፣ እኛ በላይኛው ፎቅ ሆነን በኔትወርክ እናዘው ነበር። ወደ አገራችን ተመልሰን ማስተማር ስንጀምር ግን ተማሪዎች በአንድ ጠንካራ የሊነክስ ኮምፒውተር ፊት ተራ ሲጠብቁ አገኘናቸው። ይህን ወረፋ ለማቃለል ያለውን ኮምፒውተር ከሩቅ መገልገል አንዱ መንገድ ነው።

ለዚህ ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች አንዱ ቪኤንሲ ይባላል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ በነበረ የምርምር ላቦራቶሪ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ሰርቨሩ የስክሪኑን ምስል ይልካል፣ ተጠቃሚው ደግሞ የማውሱንና የኪቦርዱን እንቅስቃሴ ይመልሳል።

ምስል ግን ከባድ ሸክም ነው። 1,920 በ1,080 ነጥቦች ያሉት ስክሪን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ቢያዝ፣ 6,220,800 ባይት ይሆናል። በአንጻሩ 80 በ24 የላቲን ፊደላት የሚይዝ የጽሑፍ ገጽ 1,920 ባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ 3,240 እጥፍ መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ የተለወጠውን ክፍል ብቻ አምቆ ስለሚልክ ሸክሙ ይቀንሳል፤ ሆኖም ግራፍ ማየት የማያስፈልገው ሥራ ሁሉ በጽሑፍ ትእዛዝ ቢከናወን እንመርጣለን።

ሶፍትዌሩን መጫን የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቪኤንሲ የሚጠቀምበት 5900 ቁጥር ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ከቀረ ማንም ሊያንኳኳው ይችላል። የቆየው የቪኤንሲ አሠራር ደግሞ ከይለፍ ቃሉ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ስለሚያነብ ቃሉን ማርዘም አይጠቅምም።

እኛም በዚህ ተሳስተናል። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ከቤቱ እንዲከታተል ስንል፣ «ለጊዜው ነው» ብለን ፖርቱን ክፍት ተውነው። በሦስተኛው ቀን ማንም ማውሱን ሳይነካው ቀስቱ በስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ አየን። ፋይሎቹን ማን እንደነካቸው ማረጋገጥ ስላልተቻለ የሁለት ወር ስሌት እንደ አዲስ ተጀመረ። ጥፋቱ የእኛ፣ ድካሙ ግን የተማሪው ሆነ።

መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን፣ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት መሰረቃቸውን ተከትሎ፣ ኤስኤስኤች የተባለውን የተመሰጠረ መገናኛ ሠራ። ቪኤንሲ ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ የሚመጣን ጥሪ እንዳይቀበል ተደርጎ ግንኙነቱ በኤስኤስኤች ውስጥ ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚታየው አንድ የተጠበቀ በር ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ተማሪም በራሱ አካውንትና ቁልፍ ይገባል። በተማሪው ቤት መብራት ቢጠፋ እንኳ በሰርቨሩ ላይ የተከፈተው ሥራ አይቋረጥም።

በኩባንያዎች ሰርቨር በኩል የሚያገናኙ ዝግጁ ሶፍትዌሮች ይቀላሉ የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ይቀላሉ። ነገር ግን መግቢያና መውጫችን በሌላው ውሳኔ ሥር ይወድቃል፤ ተማሪውም እንዴት እንደተገናኘ ሳያውቅ ይመረቃል።

የፊዚክስ ተማሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን መሣሪያ ከማብራቱ በፊት የመሬት መስመሩን እንዲፈትሽ እናስተምረዋለን። ኮምፒውተርን ለኔትወርክ መክፈትም ያንኑ ጥንቃቄ ይሻል። በመሆኑም ይህ ሥራ ከትርፍ ጊዜ ሙከራ ወጥቶ በላቦራቶሪ ትምህርታችን ውስጥ አንድ መልመጃ ሆኖ እንዲሰጥ እናሳስባለን።