ስለ ቤት ኮምፒዩተር እድሳትና ስለ ቀድሞው ንብረት አመላለስ

አባቶቻችን የርስታቸውን ውልና የቤታቸውን ደብዳቤ በሣጥን ቈልፈው፥ ቍልፉን ለሚያምኑት ሰው ሰጥተው ያኖሩ ነበር። ዛሬ ግን የቤተ ሰብ ሣጥን ኮምፒዩተር ሆኗል። የልጆች የትምህርት ምስክር ወረቀት፥ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፥ በውጭ አገር ካሉ ዘመዶች የመጣ ደብዳቤ፥ የቤት ካርታና የውል ግልባጭ ሁሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ። ስለዚህ ይህ ዕቃ በታመመ ጊዜ እንዴት እንደሚታከም መጠየቅ የባለሙያ ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ጌታና የእመቤቲቱም ተግባር ነው።

የኮምፒዩተር ሥራ ሁሉ የሚመራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚባለው ዋና ፕሮግራም ነው፤ በብዙ ቤትና መሥሪያ ቤት የሚገኘውም የማይክሮሶፍት ኩባንያ የሠራው ዊንዶውስ ነው። ይህ ፕሮግራም በቫይረስ ወይም በሌላ ምክንያት በተበላሸ ጊዜ፥ ወይም ዘመኑ አልፎ በአዲስ ሊተካ በታሰበ ጊዜ እንደገና ይጫናል። ይልቁንም ዊንዶውስ 10 የተባለው ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ጀምሮ መደበኛው የጥበቃ እርዳታ ስለ ተቋረጠበት፥ ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ግድ ሆኖበታል።

እንደገና መጫን ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይገባል። አንደኛው፥ ባለሙያዎቹ ፎርማት ማድረግ የሚሉት፥ የቀድሞውን ሁሉ ደምስሶ በባዶው ላይ አዲሱን መትከል ነው። ሁለተኛው ሳይደመስሱ መጫን ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ አዲሱ ዊንዶውስ የቀድሞውን ወዲያው አያጠፋውም፤ ሰብስቦ በሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» ማለት «አሮጌው ዊንዶውስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ያኖረዋል። ነገሩ በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሹም በተሾመ ጊዜ የቀድሞው ሹም መዛግብት በአንድ ክፍል ተሰብስበው እንደሚቈዩ ያለ ነው። በዚያ ፎልደር ውስጥ የቀድሞው ዊንዶውስ ራሱ፥ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች፥ ደግሞም «ዩዘርስ» በሚባለው ክፍል የየሰዉ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ይገኛሉ።

ለምሳሌ በአንድ ቤተ ሰብ የሆነውን ነገር እናንሣ። ያረፉ ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ የዘራቸውን ሐረግና የርስታቸውን ታሪክ እየተናገሩ፥ የልጅ ልጃቸው በኮምፒዩተር ጽፎት ነበር። ኮምፒዩተሩ በዘገየ ጊዜ ወደ አንድ ጠጋኝ ተወስዶ ታድሶ ተመለሰ። ሲከፍቱት ግን እንደ አዲስ ዕቃ ባዶ ሆኖ አገኙት። እናቲቱም «አባባ ሁለተኛ ሞቱብኝ» ብላ አለቀሰች፤ ልጁን «ለምን ሳትጠይቀኝ ወሰድኸው?» ብላ ተቈጣችው፥ እሱም ጠጋኙን ወቀሰ። እንዲህ ሲካሰሱ ስድስት ቀን አለፈ። በሰባተኛው ቀን አንድ ዕውቀት ያለው ዘመድ መጥቶ «እስቲ ከመካሰስ አስቀድማችሁ ፈልጉ» ብሎ አሮጌውን ፎልደር ከፈተላቸው። ጽሑፉም በዚያ ተገኘ።

ነገር ግን ሌላ ድንጋጤ ተከተለ፤ ጽሑፉ ሲከፈት ፊደሉ ግዕዝ መሆኑ ቀርቶ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ታየ። ልጁም «ተበላሽቷል፥ እንሰርዘው» አለ። የዚህ ምክንያት የሚከተለው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ቍጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ነው። ናያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንትም ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ የመጣው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ ወዲህ፥ ልዩ ልዩ ሠሪዎች ያወጧቸው ፎንቶች የግዕዝን መልክ በላቲን ፊደል ቍጥር ላይ ያለብሱት ነበር። ስለዚህ ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ብቻ ይታያል፤ ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ዘመዳቸውም በአሮጌው ዊንዶውስ «ፎንትስ» ክፍል ውስጥ የቀድሞውን ፎንት ፈልጎ በአዲሱ ላይ በጫነው ጊዜ፥ የሽማግሌው ቃል እንደ ነበረ ተነበበ። እንዲህ ያለ አሮጌ ጽሑፍ ያለው ሰው ፎንቱን ከጽሑፉ ጋር አብሮ ያኑር፤ ጊዜም ሲያገኝ ወደ ዩኒኮድ ያስገልብጠው።

በዚህ ነገር ከሁሉ የሚያስፈራው የቀኑ ማጠር ነው። ዊንዶውስ 10 በ2015 በወጣ ጊዜ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የተሰጠው ቀን 30 ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ግን 10 ቀን ብቻ ሆኗል፤ በዊንዶውስ 11ም እንደዚሁ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ ራሱ አሮጌውን ፎልደር ይደመስሰዋል። የይግባኝ ቀን ያለፈበት ባለ ጉዳይ ምንም እውነት ቢኖረው እንደሚቸገር፥ ይህም እንደዚያው ነው። ቀኑ ሳያልፍ ግን ባለሙያ በልዩ ትእዛዝ እስከ 60 ቀን ሊያራዝመው ይችላል።

መመለሻውም መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ለተሸጋገረ ኮምፒዩተር የሚሆነው፥ ሁሉን በአንድነት መመለስ ነው። ይኸውም በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፥ ከዚያም «ሪከቨሪ» የሚለውን ከፍቶ «ጎ ባክ» ማለት «ተመለስ» የሚለውን መጫን ነው። ለዚህም አሮጌው ፎልደር ያልተነካ፥ የቀድሞው የይለፍ ቃል የታወቀ ሊሆን ይገባል፤ ከሽግግሩ በኋላ የተጨመረ የተጠቃሚ ስም ቢኖር አስቀድሞ ይወገዳል፤ ኮምፒዩተሩም መብራት እንዳይቋረጥበት ከኤሌክትሪክ ጋር ይያያዝ። ከሽግግሩ በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞች በመመለሱ ስለሚጠፉ ይህንንም ማሰብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አዲሱን ሳይነኩ ንብረትን ብቻ ማውጣት ነው። ዊንዶውስ ከፍላሽ ተነሥቶ እንደ አዲስ የተጫነ እንደ ሆነ «ጎ ባክ» የሚለው አይገኝ ይሆናል፤ ቢሆንም አሮጌው ፎልደር ካለ፥ በ«ዩዘርስ» ውስጥ የቀድሞውን ስም ከፍቶ ጽሑፉንና ፎቶግራፉን ወደ አዲሱ ወይም ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። ፕሮግራሞችን ግን እንዲሁ ገልብጦ ማሠራት ብዙውን ጊዜ አይሆንም፤ አዲሱ ዊንዶውስ በመዝገቡ አያውቃቸውምና እንደገና መጫን አለባቸው። በቪስታና በዊንዶውስ 7 ዘመን ባለሙያዎች የአዲሱንና የአሮጌውን ፎልደር ስም በትእዛዝ እየለዋወጡ፥ የማስነሻውንም ክፍል እያደሱ ቀድሞውን ይመልሱት ነበር። ይህ ግን ለለመደ እጅ እንጂ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም።

ፎርማት የተደረገ እንደ ሆነስ? በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ምክር ኮምፒዩተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። በቀድሞው ዓይነት ሀርድ ዲስክ ላይ ፈጣን ፎርማት የሚያጠፋው የመዝገቡን ማውጫ ነው፤ ጽሑፉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቈያልና ባለሙያ ሊያወጣው ይችል ይሆናል። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ግን ዕቃው የተሰረዘውን ስፍራ ራሱ ስለሚያጸዳ ተስፋው እጅግ ጠባብ ነው። ደግሞም ቢትሎከር በሚባለው ቍልፍ የተዘጋ ዲስክ ያለ 48 አኃዝ ቍልፉ ወይም ያለ ይለፍ ቃሉ አይከፈትም፤ ስለዚህ ይህን ቍጥር በወረቀት ጽፎ ከቤት ካርታው ጋር ማኖር ብልኅነት ነው።

እንግዲህ ኮምፒዩተራችሁን ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «ትደመስሰዋለህ ወይስ ሳትደመስስ ትጭናለህ?» ከተመለሰም በኋላ ሁሉም መገኘቱን በዚያው ቀን መርምሩ፤ ሳትመረምሩም ቦታ ለማስፋት ብሎ አሮጌውን ፎልደር የሚጠርግ ሰው አትፍቀዱ። ከሁሉም በፊት የከበረውን ነገር ሁለት ግልባጭ አድርጋችሁ አንዱን ከቤት ውጭ በታመነ ዘመድ ዘንድ አኑሩ፤ በየጊዜውም እየከፈታችሁ መነበቡን አረጋግጡ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ነገር ግን የሚወረሰው ጠባቂ ያለው መጽሐፍ ነው። የቸኮለም አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚጠፋው ጊዜ የጠፋውን ለመፈለግ ከሚባክነው ጊዜ እጅግ ያንሳል።