«ኪንታሮት ነው»

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያለው ጎልማሳ ተራው ሲደርስ ወደ መስኮቱ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኪንታሮት ቅባት አለ?» አለ። ባለሙያዋም እንደሱ ድምጿን ቀንሳ «ደም አለው?» ስትለው ራሱን ነቀነቀ። ከፈለ፣ ቅባቱን በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተና ወጣ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚደማው አልጠየቀችውም፤ እሱም ለመናገር አልቆመም።

ሰውዬው ኪንታሮት ሊሆን ይችላል የያዘው። ዕድሉም ወደዚያው ያደላል። ችግሩ ግን «ኪንታሮት» የሚለው ቃል በእኛ ከተሞች የምርመራ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ መሆኑ ነው። በሀዲያና በከምባታ የአንጀት ካንሰር ዘግይቶ የሚታወቀው መሣሪያ ስለሌለ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ደሙ ሌላ ስም ስላለው ነው። ስም ያለው ሕመም አያስደነግጥም። ከሰገራ ጋር ደም ከታየ ኪንታሮት፣ ሆድ ቆርጦ «ያስምጠኛል» ከተባለ አሜባ ይሆንና ሜትሮኒዳዞል ይታዘዛል። አቅም አንሶ ፊት ከገረጣ ደግሞ «ደም ማነስ ነው» ተብሎ የብረት እንክብል ይሰጣል፤ ደሙ በየት በኩል እንደሚፈስ ግን አይጠየቅም። ያው ሰው በሦስት ስም ሦስት ጊዜ ታክሞ አንድም ጊዜ ሳይመረመር ዓመት ይሞላዋል።

በሽታው የሩቅ አገር በሽታ አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2004 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ሲመዘግብ ቆይቷል። ከዚያ መዝገብ ተነስቶ ለ2015 እ.ኤ.አ. በተሠራው አገራዊ ግምት፣ በወንዶች ላይ ከሚገኙት ካንሰሮች ቀዳሚው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር፤ ድርሻው 19 በመቶ ገደማ። አሜሪካኖች መደበኛ ምርመራ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ያወረዱት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ግን ገና 45 ያልሞላቸው ሕመምተኞች ብርቅ አይደሉም። «የሽማግሌ በሽታ» እያልን የምንጽናናበት ምክንያት የለንም።

ሌላም መጽናኛ አለን፤ ቆጮ። «እኛ እንሰት በላተኞች ነን፣ ይሄ የከተሜ በሽታ ነው» የሚል ሰው በየቤቱ ታገኛላችሁ። መሠረት የለውም አልልም። በኡጋንዳ የሠራው አየርላንዳዊ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1971 እ.ኤ.አ. አሰር የበዛበት ምግብ የሚበላ አፍሪካዊ በዚህ ካንሰር እምብዛም አይያዝም ብሎ ጽፎ ዓለምን አሳምኗል። ይሁን እንጂ ስለ ብዙኃኑ የተነገረ ነገር አንድን የሚደማ ሰው አያድንም። ቆጮ የሚበላ ሰውም አንጀት አለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቶሎ የሚመጣልን መልስ ሀብታሞቹ አገሮች የሚያደርጉት ነው፤ ጤነኛውን ሕዝብ ሁሉ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሰገራውን መመርመር፣ ደም የተገኘበትን በካሜራ ቱቦ ማየት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዕጢው ከትንሽ ሥጋ ተነስቶ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ስለሚወስድ ጊዜ አለ። ግን እዚህ ብንጀምረውስ? ኪንታሮቱም፣ ደም የቀላቀለው ተቅማጡም «ደም ተገኝቷል» ይባላል። ያ ሁሉ ሰው በካሜራ ሊታይ ነው። ለሚደማው ሰው ያልደረሰ መሣሪያ ለማይደማው ሊደርስ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አስቀምጧል፤ ምልክት የሌለውን ሕዝብ መፈተሽ አንድ፣ ምልክት ያለውን ቶሎ ለይቶ ማከም ሌላ። የእኛ ተራ ሁለተኛው ነው።

ለሁለተኛው መነሻ የሚያስፈልገው ደግሞ አስቂኝ በሚባል ደረጃ ርካሽ ነው። ጓንት፣ ጥቂት ቫዝሊን፣ የሚዘጋ በር። ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ ባለሙያው በአመልካች ጣቱ ይዳስሳል። ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላይ የበቀለ ዕጢ ብዙ ጊዜ በጣት ይደረስበታል፤ ጠጣር፣ ጎርበጥባጣ ነው፣ ጓንቱም ደም ይዞ ይወጣል። የውስጥ ኪንታሮት ግን ለስላሳ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በጣት እንኳ አይታወቅም። እንግዲህ ሳይዳስሱ «ኪንታሮት ነው» ማለት ግምት ነው። ጣት የማይደርስበት ዕጢም ስላለ፣ ዳሰሳው ባዶ ሆኖ ደሙ ከቀጠለ ወደ ካሜራው መላክ ግድ ይላል።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ነውር ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። ሕመምተኛው ያፍራል፣ ወጣቱ ሐኪም አባቱ የሚሆነውን ሰው «ጋሼ፣ ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ» ማለት ይከብደዋል፣ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሴት ስትሆን ደግሞ በዕጥፍ ይከብዳል።

ነውርን በአደባባይ መነጋገር አይቻልም የሚለኝ ሰው ግን ካለ የከምባታዋን ከተማ ዱራሜን ያስታውስ። ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ድርጅት በከምባታ ሰውን በየቀበሌው ሰብስቦ ያነጋገረው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ነበር። ከዚያ የባሰ የማይነሳ ርዕስ አልነበረም። ሽማግሌው፣ እናቶች፣ ወጣቶች በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ወር በወር ተነጋገሩ፤ በኋላም ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ፣ በዘፈን ተዳረች። ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አርፋለች፤ የውይይቱ ስልት ግን አገሬው የሚያውቀው ነው። ስለ ልጅ ገላ መነጋገር የቻለ ሕዝብ ስለ ራሱ ሰገራ መነጋገር ያቅተዋል?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር፣ የፋርማሲው ባለሙያ ቅባት ከመስጠቱ በፊት፣ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አጥቢያዎች ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ሊጠይቋቸው የሚችሉ ጥያቄዎች አሉ። ደሙ ከሦስት ሳምንት አለፈ? ተጸዳድተው ሲነሡ ገና ያልጨረሱ ይመስልዎታል? ቀበቶዎ ስንት ቀዳዳ ጠበበ? የመጨረሻው ከሁሉም ይሻላል፤ ሚዛን የሌለበት ቤት ሁሉ ቀበቶ አለ።

የሚቀረው ከባዱ ነገር መንገዱ ነው፤ ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልችልም። ዕጢው በጣት ከተገኘ በኋላ ናሙና ተወስዶ መታየት፣ ቀዶ ጥገና፣ አንዳንዴም የጨረር ሕክምና ይከተላል። ለጨረሩ ከሃያ ዓመት በላይ በአገሪቱ የነበረው በር የጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ጅማና ሌሎች የተጨመሩት በቅርቡ ነው። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው። ሪፈር የተጻፈለት ሰው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ጆሃንስበርግ ላለው ልጁ ወይም ወንድሙ ይደውላል። ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ «ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ» ይላል።

የሪፈር ወረቀት ሲሰጥ የስልክ ቁጥር መዝግቦ በሁለተኛው ሳምንት «ሄዱ?» ብሎ የሚደውል አንድ ሠራተኛ በየሆስፒታሉ ቢመደብ፣ ወጪው ከአንድ ካሜራ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ቅባቱን የገዛው ጎልማሳ ግን ሪፈር አልያዘም፤ ስልኩን የጠየቀውም የለም።