ከዕቃ በፊት ልብ ግዙ

ባለፈው ክረምት ከአክስቴ ጋራ ዱባይን ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። እናቴም ለእኅቴ ሠርግ የሚሆን የወርቅ ቀለበት እንድገዛ ገንዘብ በአደራ ሰጠችኝ።

በመጀመሪያው ቀን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ዱባይ ሞል ገባን። ከ1,200 በላይ ሱቆችና ዓሣ የሚዋኝበት ታላቅ የመስታወት ገንዳ አሉበት። በዚያ ብርሃንና ቅዝቃዜ መካከል ሰው ሰዓቱንም ኪሱንም ይረሳል። እኔም የተጻፈውን ዋጋ አንድ ቃል ሳልናገር ከፍዬ ጫማ ገዛሁ፤ ያውም ከአደራው ገንዘብ!

በማግሥቱ በጀልባ ተሻግረን ዴይራ ወደሚገኘው የወርቅ ገበያ ሄድን። በዚያ የዕለቱ የወርቅ ዋጋ በግራም የታወቀ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ ይልቁንም በእጅ ዋጋው ላይ ነው። አክስቴ ይህን ዐውቃ፣ ረጋ ብላ ተከራክራ አስቀነሰች። ነገር ግን ገንዘቡ ስለ ጐደለ፣ የገዛሁት ቀለበት እናቴ ካሰበችው የቀጠነ ሆነ። እኅቴ አመሰገነችኝ፤ እኔ ግን አፈርሁ።

ብዙዎቻችን ዋጋ መከራከር ነውር፣ ቁርጥ ዋጋ መክፈል ግን ሥልጣኔ ይመስለናል። በእኔ አስተያየት ሥልጣኔ ማለት የሚፈልጉትን ዐውቆ መግዛት ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አስቀድማችሁ አደራችሁን ፈጽሙ፤ የሱቅ መስታወት በኋላም ይታያል፣ ማየቱም ገንዘብ አያስከፍልም። ከዕቃ በፊት ልብ ግዙ!